ሰኞ ሰኞ ይብስብዎት ነበር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ። ዐምዱን የሚያዘጋጁት ደሴ ውስጥ 34 ዓመት ሒሳብ አስተምረው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህርት ነኝ፤ ማስተማር ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴ ነው። ያደግኩት በሰንበት ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬም እዘምራለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ሕፃናትን አስተምራለሁ። እጾማለሁ፤ ውዳሴ ማርያም ሳልደግም ከቤት አልወጣም። ክፍል ስገባ ግን ሌላ ሰው እሆናለሁ። 68 ተማሪዎች አሉኝ፤ እነርሱ ይጮኻሉ፣ እኔም እጮኻለሁ። ባለፈው ወር የፈተና ወረቀት ስመልስ ከ20 ሦስት ያመጣ ልጅ አስነሥቼ ውጤቱን ጮክ ብዬ አነበብኩና «አንተ ለዘበኝነትም አትሆን» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አባቱ የፋብሪካ ጥበቃ መሆኑን ያወቅኩት በኋላ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት የማስተምራት አንዲት ልጅም እዚያው ክፍል ነበረች። ቅዳሜ ስለ ትሕትና ሳስተምር ዐይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ጸሎቴ የት ነው የሚቀረው? ጸሎት ልጨምር? ሱባዔ ልግባ? ወይስ ሥራውን ልተው?

መልስ፦ ልጄ፣ ሥራውን አትተዪ። ጸሎትም አትጨምሪ። ይህን ሁለተኛውን በማለቴ የንስሐ አባትሽ ቢቆጡኝ እውነት አላቸው፤ እኔ ካህን አይደለሁም፣ ስለ ሱባዔው የሚጠየቁት እርሳቸው ናቸው። እኔ የማውቀው ጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚሆነውን ነው። እርሱንም ቢሆን በደንብ ያወቅኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ከአንድ ሾፌር አፍ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለቅሶ ለመድረስ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እወርድ ነበር። ረዳቱ «ሒሳብ፣ ሒሳብ» እያለ ሲሰበስብ ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝና «የእርሳቸውን ተው፤ ለእኔ ሒሳብ ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው» አለው። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ፤ ጡረተኛ መምህር እንዲህ ያለ ቃል ከሰማ ቀኑን ሙሉ ምሳ አያምረውም። ሐረጎን መውረድ ስንጀምር፣ አንዱን ጠመዝማዛ ጨርሰን ሌላውን ስንይዝ፣ ያለ ምንም ክፋት እንዲህ አለኝ፦ «ቲቸር፣ ሰኞ ሰኞ ግን ይብስብዎት ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስለሚውሉ ነው እንባባል ነበር።» ሙስሊም ነው፤ ያኔ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ፊቴን አይቶ ነው መሰል «አብሽሩ፣ የልጅነት ወሬ ነው» ብሎ ስለ ነዳጅ ወረፋ ማውራት ጀመረ።

ለቅሶ ቤት ደርሼ ሟችን ምን ብዬ እንዳወደስኩ አላስታውስም።

ማታ ቤቴ ገብቼ አሰላሁት፤ ሌላ ሙያ የለኝም። ልጁ እውነቱን ነው። እሑድ ሌሊት ተነሥቼ አስቀድሳለሁ። ነጠላዬ ነጭ ነው፤ ባለቤቴ አትጠገብም፣ ቅዳሜ ማታ ታጥበዋለች። የቅዳሴ ጠበል ጠጥቼ ስመለስ ሰውነቴ ቅልል ይለኛል። ያ ቅለት እስከ ሰኞ ጠዋት ይቆያል። ታዲያ ክፍል ስገባ ሁሉ ነገር እድፍ ሆኖ ይታየኛል፤ ያልተሠራው የቤት ሥራ፣ ሽፋኑ የወለቀው ደብተር፣ ያረፈደው ልጅ። ሰኞ ደግሞ ደሴ ገበያዋ ነው፤ ሰፈሩ ራሱ ሰኞ ገበያ ይባላል። ከገራዶ በኩል የእናቱን ሸክም ይዞ ዳገቱን የሚወጣ ልጅ ለሁለት ሰዓት ደወል አይደርስም። «አላውቅም ነበር» ብል ደስ ባለኝ። አውቅ ነበር። ጤፍና በርበሬ የምገዛው ከዚያው ነው፤ ተማሪዎቼን በዕረፍት ጊዜ ከእናቶቻቸው አጠገብ ጆንያ ሲያጣጥፉ አይቻለሁ፣ ሰላምም ብያቸዋለሁ። ትምህርት ሲከፈት ግን ሰሌዳው ሥር አንበረክካቸው ነበር፤ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ።

አንቺ ውዳሴ ማርያም እንደምትደግሚ ጽፈሻል። እንግዲያው የሰኞውን ታውቂዋለሽ፦ «ፈቀደ እግዚእ ያግዕዞ ለአዳም ኅዙነ ወትኩዘ ልብ ወያግብኦ ኀበ ዘትካት መንበሩ።» ያዘነውን፣ ልቡ የተከዘውን አዳምን ጌታ ነጻ ሊያወጣው፣ ወደ ቀደመ መንበሩም ሊመልሰው ወደደ። ትርጓሜው አልተሰወረኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። በ12 ሰዓት ይህን እደግማለሁ። በ2 ሰዓት ልቡ የተከዘ ልጅ ከወንበሩ አስነሥቼ ሲሚንቶ ላይ አንበረክካለሁ። መንበር ማለት እኮ መቀመጫ ነው። ስንት ሰኞ እንደሆነ አስቢው፤ እኔ አስልቼው ስለ ነበር ቁጥሩን እዚህ መጻፍ አልፈልግም።

ስለዚህ «ጸሎቴ የት ነው የሚቀረው» ስትዪኝ፣ የትም አይቀርም እልሻለሁ። አብሮሽ ክፍል ይገባል። በእኔ ዘንድ የገባው ግን እንደ ማዕረግ ተለብሶ ነው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለው ፈሪሳዊ አልዋሸም፤ በሳምንት ሁለት ቀን ይጾም ነበር፣ ዐሥራትም ያወጣ ነበር። ሲጸልይ ግን ዐይኑ ቀራጩ ላይ ነበር። ልጆች ይህን ዐይን ያውቁታል። ሙስሊሙ ልጅ ሳይቀር አውቆት ነበር፤ ይባስ ብሎ ቁጣዬን ለቤተ ክርስቲያኔ ሰጠው። የእኔን ስም ብቻ ቢያነሣ ኖሮ ያን ያህል ባላመመኝ።

አሁን ወደ አንቺ። መጀመሪያ ልጁን ይቅርታ ጠይቂው። የመምህራን ማረፊያ ጠርተሽ ወይም ኮሪደር ላይ ትከሻውን መታ መታ አድርገሽ አይደለም፤ የሰደብሽው 67 ልጆች ፊት ነው፣ ይቅርታውም እዚያው፣ በዚያው ድምፅ ይሁን። «ያን ቀን ያልኩህ ነገር ስድብ ነበር፤ አጥፍቻለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ዘበኝነትም ሰው የሚያከብረው ሥራ ነው» በዪና ወደ ትምህርቱ ግቢ። ጥቅስ አትጥቀሺ። አታልቅሺም፤ የምታለቅስ መምህርት ልጆቹን አጽናኝ ታደርጋቸዋለች፣ ያን ጊዜ ይቅርታው ዞሮ የአንቺ ሆነ ማለት ነው። ልጁ ምንም ባይመልስልሽ አትጠብቂው። እኔ ይህን ያደረግኩት በ34 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ጉልበቴ ተንቀጥቅጦ ጠረጴዛውን ይዤ ነበር። ክፍሉ ያን ሳምንት ትንሽ ተረበሸብኝ፤ አንድ ሁለቱ ደካማ መስዬአቸው ፈተኑኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ተረጋጉ።

ስለ ጸሎቱ፦ አትጨምሪ ያልኩሽ ከልቤ ነው፣ ግን ውስጡን ቀይሪው። የስም መጥሪያ ዝርዝርሽን ቤት ይዘሽ ግቢ። በቀን የአምስት ልጆች ስም አንሺ። 68ቱ በ14 ቀን ይዳረሳሉ፣ በመጨረሻው ቀን ሦስት ብቻ ይቀሩሻል፤ ከዚያ እንደገና ከላይ ጀምሪ። ከእያንዳንዱ ስም ጋር ስለ ልጁ የምታውቂውን አንድ ነገር አብረሽ አንሺ፤ እናቱ ታማለች፣ ግራኝ ነው፣ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በአንድ ጫማ በፈረቃ ይመጣል። የምታውቂው ነገር ከጠፋ የዚያን ቀን የቤት ሥራ አገኘሽ ማለት ነው፤ ሄደሽ አነጋግሪው። የሚያናድድሽን ልጅ ስም ስታነሺ «ልብ ስጠው» ብለሽ አትጸልዪ። እኔ ለዓመታት እንዲህ ስጸልይ ነበር፤ አሁን ሳስበው ልጁን ለእግዚአብሔር መክሰሴ ነበር።

ከመዝሙረ ዳዊት ግን 140ኛውን ብቻ ያዢ፤ «ለአፌ ጠባቂ አኑር» የሚለውን። የደረጃው ጫፍ ላይ ሆነሽ ለማለት ይበቃል፣ አጭር ነው።

ደግሞም ሁሉን ነገር ኃጢአት አታድርጊው። 68 ልጅ በአንድ ክፍል መያዝ ጻድቅንም ያስጮኻል። ከቁጣሽ ከፊሉ የጉሮሮና የእግር ድካም ነው። እኔ ወጣት ሳለሁ አብራኝ ታስተምር የነበረች አንዲት የባልትና መምህርት ነበረች፤ ድምፅዋ ከሦስተኛው ረድፍ አያልፍም፣ ክፍሏ ግን ጸጥ ያለ ነበር። ምስጢሯን ስጠይቃት አሳየችኝ፦ ከልጆቹ ቀድማ በር ላይ ትቆማለች፣ እያንዳንዱን በስሙ ሰላም ትላለች። ክፍል የሚገባ ልጅ ሁሉ አንድ ጊዜ ዐይኗን አይቶ ይገባል። ስለ ሃይማኖት ስታወራ ሰምቻት አላውቅም፤ በኋላ ግን በፍልሰታ አንድም ቀን ቅዳሴ እንደማትቀር ሰማሁ።

ስለ ቅጣትም አንድ ቃል። በእኔ ጊዜ ማንበርከክ እንደ ጠመኔ የተለመደ ነገር ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደነገገ። አንቀጹን አንብቤ፣ በሥነ ዜጋ መምህሩም ተነግሮኝ፣ ከዚያ በኋላም አንበርክኬያለሁ። ሕጉ ሳይገባኝ ቀርቶ አይደለም።

ያቺን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ ለብቻዋ ጠርተሽ አታስረጃት። ይቅርታሽን እንደ ሌላው ከወንበሯ ሆና ትሰማዋለች። ዐይኗን ካልነቀለችብሽ ገና አልተወችሽም።

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ግማሽ ያህሉ ሙስሊሞች ናቸው። ክፍል ውስጥ ስለ ክርስቶስ አንዲት ቃል አልናገርም፤ ሕጉም አይፈቅድም። አንዳንድ ወንድሞች «ዝምታህ ክህደት ነው» ይሉኛል። ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወንድሞችህ ክፍል አይገቡም መሰለኝ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ትምህርት ከማንኛውም ሃይማኖታዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዝዛል፤ ደመወዝህን የምትቀበለው በዚህ ውል ነው። ውል ማክበር ደግሞ የክርስቲያን ግዴታ ነው። ሕጉ ባይኖርም እንኳ መልሴ አይቀየርም ነበር። ከደሴ ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ አለ። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ የወሎ ሙስሊም መሳፍንት እንዲጠመቁ ተደረገ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት መሐመድ ዓሊም የተጠመቁት ያኔ ነው። ቃሉ ሰይፍ ከታጠቀ ሰው አፍ ሲወጣ ሰሚው ቃሉን ይስማ ሰይፉን ማን ይለየዋል? አንተ ሰይፍ የለህም፣ ቀይ እስክሪብቶ ግን አለህ። ውጤቱ በእጅህ የሆነ ልጅ ስለ ሃይማኖትህ ብትነግረው በነጻነት እምቢ ሊልህ አይችልም።

ያው ቦሩ ሜዳ ደግሞ ሌላ ስም አለው፤ መምህር አካለ ወልድ ያስተማሩበት ነው። ከተማችን በስማቸው ትምህርት ቤት ሰይማለች፤ ዛሬ የሁለቱም ሃይማኖት ልጆች በአንድ በር ይገቡበታል። ወደ ሰሜን ትንሽ አለፍ ስትል ሐይቅ እስጢፋኖስ አለ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚያ ያስተምሩ የነበሩትን አባ ኢየሱስ ሞዓን አብዛኛው ሰው በስም የሚያነሣቸው ተማሪያቸው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ስለሆኑ ነው። ለመምህር ይህ አይበቃም?

ማድረግ የምትችለውን ልንገርህ። በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ገቡ። ልጄ መምህርት ናት፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የነበረውን ፈተናዋን ወደ ጠዋት ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ አዛወረችው፣ ግማሹ ክፍል በዚያ ሰዓት ውኃ እንኳ አልቀመሰም ብላ። ማንም ምክንያቱን አልጠየቃትም፣ እርሷም አልተናገረችም። ይህን የነገርኩህ እኔ ነኝ፤ ብታውቅ ትቆጣኛለች።

ጥያቄ፦ ደመወዜ ቤት ኪራይ ከከፈልኩ በኋላ ሁለት ሳምንት አይዘልቅም። ማታ ማታ ተማሪዎችን በክፍያ አስጠናለሁ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እኔው ቀን የማስተምራቸው ናቸው። ሰርቼ መብላቴ ነው እንጂ ኃጢአት አለበት? (ከደሴ)

መልስ፦ ማስጠናቱ የለበትም። የራስህን ተማሪ ማስጠናቱ አለበት። ቀን ቀን ሳታውቀው ትሰስታለህ፤ ዋናውን ምሳሌ ለማታ ታስቀምጠዋለህ፣ የከፈለውን ልጅ ወረቀት ስታርም እጅህ ይላላል። አውቀዋለሁ። ከአንድ የሥራ ባልደረባህ ጋር ተቀያየሩ፤ እርሱ ያንተን፣ አንተ የእርሱን አስጠኑ። ገቢህ አይቀንስም።

ስጦታን በተመለከተ ግን ጀግና አይደለሁም። አንድ ጊዜ አንድ ወላጅ አንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ ቤቴ ላከ። ልጁ በዚያ ሰሞን ሊወድቅብኝ ነበር። ማታ ስገባ ልመልሰው ቆርጬ ነበር፤ ባለቤቴ ግን የፋሲካ ዶሮ ውስጥ ጨምራዋለች። ዶሮው እንዲህ ጣፍጦኝ አያውቅም፤ ይህንንም ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ። በማግስቱ የቅቤውን ዋጋ በፖስታ አድርጌ ለወላጁ ብሰጠው ተቀየመኝ። ልጁ ወደቀ። አባትዬው ዛሬም በፒያሳ ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ወደ ታች ይስባል።

ጥያቄ፦ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ኮምቦልቻ የአንደኛ ደረጃ መምህር። ጠዋት ከጌታ ጋር የማሳልፈው አንድ ሰዓት የጥሞና ጊዜ አለኝ። እዚያ ስቆይ አንዳንድ ጊዜ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ደቂቃ ያልፈኛል። ርእሰ መምህሩ ይቆጣኛል። ጸሎቴን ላቋርጥ?

መልስ፦ ቀድመህ ተነሣ። አንተ በጥሞና ላይ ሳለህ ልጆቹ ያለ መምህር ተቀምጠዋል፤ ዐሥራ አምስት ደቂቃ በ50 ልጅ ብታባዛው 750 ደቂቃ ነው፣ ከ12 ሰዓት በላይ። ርእሰ መምህሩ እውነት አለው። የኮምቦልቻ ጠዋት ደግሞ ሞቅ ያለ ነው፤ እኛ ደሴ ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ፣ ውኃው እጅ እየቆረጠ በ11 ሰዓት ስንነሣ ኖረናል።